ኳሷ ደቻቱን ተሻገረች

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ሰው ያውቀኛል፤ ሲያየኝ ግን ቅር ይለዋል። ሃያ ዓመት ያህል የከተማችንን ቡድን ጨዋታ በሬዲዮ ሳስተላልፍ፣ ሰዉ ከድምፄ ተነስቶ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጺሙ የተስተካከለ ሰውዬ በሐሳቡ ሠርቶልኛል። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ «ሳቢያን» ብዬ የምሄድበትን ሰፈር ስነግረው ሾፌሩ ድምፄን ይለይና በመስታወቱ ይፈልገኛል። መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ያያል፤ ማንም የለም። ከዚያ መስታወቱን ዝቅ ያደርገዋል። «አቦ! አንተ ነህ እንዴ? ድምፅህ እኮ ረጅም ነው!» ይለኛል። እኔም እንደ ጥፋተኛ አንገቴን እደፋለሁ፤ ስደፋ ደግሞ ይብሱን አጥራለሁ።

ይህ ድሮ ነው። አሁን የምታወቀው በድምፄ አይደለም። እኛ ላይ የገባ ጎል ለእኛ የሰጠሁ ሰው ተብዬ ነው የምታወቀው። እዚያ ላይ መድረሴ አይቀርም። ግን ወደ ራሴ ውርደት በሩጫ የምሄድበት ምክንያት ስለማይታየኝ ከወንድሜ ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር እኛም ከዚራ ሰፈር ነው ያደግነው። ጋሼ በግራ ክንፍ የሚጫወት፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ኳስ ተጫዋች ነበር። አንድ አብዶ ነበረችው፤ አንድ ብቻ። እየሮጠ መጥቶ ኳሷን በጫማው ረግጦ ቀጥ ይላል። ተከላካዩም ግራ ገብቶት ይቆማል። ተመልካቹ እንኳ ዝም ይላል። ተከላካዩ «ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ ሚዛኑን ትንሽ ሲያዛንፍ፣ ጋሼ በሌላው በኩል ጥሎት ይሄዳል። ሁሉም የሚያውቃት አብዶ ናት፤ ሁሉም ይሸወድባታል።

እኔ ደግሞ መቆም የማልችል ልጅ ነበርኩ። ኳስ ሲደርሰኝ ከኳሷ ቀድሜ እሮጣለሁ። አሰልጣኛችን ሁለት ዓመት ታግሶኝ ሲያበቃ በተቀያሪ ወንበር ላይ ተከለኝ። እዚያ ተቀምጬ ጨዋታውን ጮክ ብዬ ማስተላለፍ ጀመርኩ። አሰልጣኙ አንድ ቀን ዞር ብሎ፣ «የዚህ ልጅ አፉ ከእግሩ ይፈጥናል፤ ድምፅ ማጉያ ስጡት» አለ። ስድብ ነበር። እኔ ግን ሹመት መስሎኝ ተቀበልኩት፤ በሰፈር ውድድሮች ማይክ እየያዝኩ ቆይቼ የኋላ ኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ገባሁ።

ሬዲዮ ስገባ አንድ ደብተር ነበረኝ። የዋና ከተማው ጋዜጠኞች የሚሏቸውን ማሳመሪያ ቃላት እየሰማሁ እጽፍበታለሁ። «አየሩን ሰንጥቃ»፣ «የመሀል ሜዳው አቀናባሪ»፣ «በአረንጓዴው ምንጣፍ ላይ»። ቦታቸው ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ በአንድ ጨዋታ ደብተሩን ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚያን ጊዜ እንጫወትበት የነበረው ሜዳ ሣር የሚባል አያውቅም። አንድ ቀን ነፋስ ተነስቶ «በአረንጓዴው ምንጣፍ…» ብዬ አፌን እንደከፈትኩ የሜዳው አቧራ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ሳል አፍኖኝ ሁለት ደቂቃ ያህል አድማጭ የእኔን ሳል ሲከታተል ቆየ። በማግስቱ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ትናንት ጥሩ አስተላለፍክ» አለኝ። ሳሉን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ያም ሆኖ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር። እውነቱን ልናገርና የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ «ጎበዝ» እንዲለኝ ነበር፤ ጋሼ። እሱ ደግሞ አይልም። ኳስ ካቆመም በኋላ ስታዲየም አይቀርም ነበርና የእኔን ስርጭት አይሰማም። «በዓይኔ እያየሁ ካንተ ምን ልስማ?» ይለኛል። እኔም እውነት ነው እላለሁ።

ከዚያ ዓይኑ መድከም ጀመረ። ግላኮማ ነው አሉን። መጀመሪያ ከጎን የሚመጣው ጠፋው፤ ለግራ ክንፍ ተጫዋች ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ቀስ እያለ የቀረውም ሄደ። የመጨረሻ ጊዜ ስታዲየም የገባ ዕለት አጠገቡ የነበሩ ሰዎች «ማን ነው ያገባው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተው ሳቁ፤ የቀለደ መስሏቸው ነው። ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱም ለእኔም አንድ ቃል ተናገረ፤ «ከእንግዲህ ስለ ኳስ አትንገሩኝ።»

እኛም አልነገርነውም። ሰው ቤቱ ሲመጣ ባለቤቱ፣ እትዬ የምላት፣ በር ላይ ቆማ ስለ ኳስ እንዳይነሳ ታስጠነቅቃለች። ከተማው ሲያሸንፍ የባጃጆቹ ጡሩንባ በመስኮት ይገባል፤ ጋሼ ግን ምን እንደሆነ አይጠይቅም። እኔ ሄጄ ስለ ሙቀት እናወራለን። ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሙቀት ማውራት ምንም አለማውራት ነው። ሕይወቱ ሁሉ ኳስ ከነበረ ሰው ጋር ተቀምጦ ስለ ሙቀት ማውራት እንዴት እንደሚያም መግለጽ አልችልም፤ ያመኝ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዓይኑ ከሄደ እኔ ዓይኑ እሆናለሁ፤ ሬዲዮ የተፈጠረው ለዚህ አይደል? አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ነገ እንኳ አንዴ ስማኝ» አልኩት። «ሰምቼሃለሁ» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ለካስ ጎረቤት ሲከፍት በግድግዳው ይሰማል። «አንተን ከምሰማ ፍሪጁን ብሰማ ይሻለኛል። እሱ እንኳ ሲጮህ ውሃ ያቀዘቅዛል።»

እትዬ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ፊቴ ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«አየሩን ሰንጥቃ ትላለህ። የት ሄደች ሰንጥቃ? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ትጮሃለህ፣ ኳሷ የት እንዳለች አንድ ቀን ተናግረህ አታውቅም። አቦ ኳሷ የት ናት? እሱን ንገረኝ ስልህ ደብተርህን ታነብልኛለህ።»

ያን ሳምንት ተናድጄ ሰነበትኩ። ከዚያ የድሮ ስርጭቶቼን ከማኅደር አውጥቼ ሰማሁ። አይዋሽም፤ ወንድሜ ልክ ነበር። ንስር አለ፣ መብረቅ አለ፣ አንበሳ አለ፤ ኳስ ግን የለም።

ለማስተካከል ሞከርኩ። «በቀኝ በኩል፣ በግራ በኩል» ማለት ጀመርኩ። ግን የማን ቀኝ? የእኔ? የአጥቂው? ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ሲቀያየሩስ? ራሴን አዞርኩ፤ አድማጩንም አዞርኩት። መፍትሔው የመጣው ኳስ ከማይገባት ሰው ነው።

ቴክኒሻናችን በሶማሊኛ አፏን የፈታች ሴትዮ ናት። አማርኛዋ እንደ ከተማችን አማርኛ ነው፤ ከሁሉም ቤት ትንሽ ትንሽ አለበት። ሥራዋ ገመድ መሰካትና የእኔን ጩኸት ጣቢያው ሳይፈነዳ መቀነስ ነው። የማስተላለፊያ ክፍላችን ጠባብ ነው፤ እሷ ከምሰሶው ጀርባ ስለምትቀመጥ ሜዳው አይታያትም። አንድ ቀን የድምፅ ማደባለቂያው ስለተጨናነቀባት፣ ከየጎሉ ጀርባ ከተተከሉት ማይኮች የትኛውን ከፍ እንደምታደርግ ማወቅ ፈልጋ ጮኸችብኝ።

«ዋሪያ!» አለችኝ፤ እንግዲህ ስማ አንተ እንደማለት ነው። «ኳሱ የት ናት? ከዚራ ናት፣ መጋላ?»

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ከተማችንን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በዚህ ከዚራ፣ በዚያ መጋላ። እሷ ገመዶቿን እንዳትረሳ በግራችን ያለውን ጎል ከዚራ፣ በቀኛችን ያለውን መጋላ ብላ ሰይማቸዋለች። ካርታ የያዘ ሰው ጎሎቹ በእርግጥ ወደዚያ አያዩም ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፤ ተከራክረውኛልም። ግን ሜዳው ላይ ከተማው ተዘርግቶ ታየኝ። የመሀል መስመሩ ደቻቱ ነው! ማይኩን ስቤ፣ «ኳሷ ደቻቱን ተሻገረች፣ ወደ መጋላ እየሄደች ነው» አልኩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ኳሷ የት እንዳለች ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። በከዚራ በኩል ለእኛ የቀረበው ማዕዘን ሳቢያን ሆነ። ተከላካይ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሲለጋት «ወደ መልካ ጀብዱ ሸኛት» እላለሁ፤ ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ ነው። አንዷ አልመለስ ስትል ደግሞ «ሐርላ ደርሳለች፣ የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ እየጎበኘች ነው» አልኩ። ሰዉ ወደደው። መሀል ሜዳ ላይ ኳስ እየተቀማማ ሲጨናነቅ «ደቻቱ ሞልቷል፣ መሻገሪያ የለም» ስል፣ ጎርፍ ሲመጣ ከወዲያ ማዶ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ይገባዋል። ቅሬታም መጣ። ከመጋላ ነጋዴዎች አንዱ ለጣቢያው ደውሎ፣ «ለምንድነው ሁልጊዜ እኛ ላይ የሚገባው? ከዚራ በረኛ አለው፣ እኛ የለንም?» አለ። ኃላፊያችን ፊቱን አኮሳትሮ ጠርቶኝ ጎሎቹን ለሁለቱም ሰፈር እኩል እንዳካፍል አዘዘኝ። እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ።

ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። እና አንድ እሑድ ከጨዋታ በኋላ እትዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። «ዛሬ ሬዲዮኑን ራሱ ከፈተው» አለችኝ። «ምን አለ?» አልኳት። «ምንም አላለም። ግን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ሲስል ነበር። ደቻቱን መሰለኝ የሳለው።»

እዚያው በጣቢያው ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቴክኒሻናችን አይታኝ፣ «ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም አልኳት። ጋሼን ግን ምንም አልጠየቅኩትም። ቤቱ ስሄድ አሁንም ስለ ሙቀት ነው የምናወራው፤ ስለ ኳስ ትንፍሽ አይልም። እኔም እንዳይደነብር ፈርቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። የከፈታትን ሬዲዮ እንዳይዘጋት፤ ያኔ ጸሎቴ ይቺ ብቻ ነበረች።

እነሆ ውርደቱ።

ቡድናችን ከሊጉ እንዳይወርድ የግድ ነጥብ የሚያስፈልገው ጨዋታ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የእኛ ልጆች ከከዚራ ተነስተው ወደ መጋላ ያጠቁ ነበር። እኔም አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ «መጋላ! መጋላ! ግቡ እንጂ መጋላ!» ስል ቆየሁ። ምላሴ ለመደው። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ተቀያየሩ፤ የእኛ መረብ መጋላ ሆነ። ይህን አውቃለሁ። ተናግሬዋለሁም። ማወቄን ግን ምላሴ አልሰማም።

ሊያልቅ አካባቢ ነፋስ አቧራ አነሳ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ፊት ለፊቴ ናት። መጋላ በር ላይ እግርና አቧራ ተደባለቀ። ኳሷ መረቡን ስትነካው አየሁ። «ጎኦኦኦል!» አልኩ። «መጋላ! መጋላ ላይ ገባች! አገባን! ተረፍን! ከዚራ እልል በይ! ሳቢያን ውጪ! መልካ ጀብዱ፣ ትሰሙኛላችሁ?» ፈጣሪን አመሰገንኩ። አሰልጣኙን አመሰገንኩ። የአሰልጣኙን እናት አመሰገንኩ።

ቴክኒሻናችን ከምሰሶው ጀርባ አንገቷን አወጣች። «ዋሪያ፣ ስታዲየሙ ለምን ዝም አለ?»

ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ መቃብሬ ላይ እንዳይጻፍ እሰጋለሁ። ማይኩ እንደተከፈተ፣ በሙሉ ልብ፣ «ደጋፊው በደስታ ቃል አጥቷል!» አልኩ።

ከተማው አመነኝ። እስከ ሳቢያን ድረስ ባጃጆች ጡሩንባ ነፉ፤ ሰው የማያውቀውን ሰው አቀፈ። ሁለት ደቂቃ ያህል ድሬዳዋ ከሊጉ አልወረደችም። ከዚያ የእንግዶቹ ተጫዋቾች ተቃቅፈው ወደ መሀል ሲመለሱ፣ የእኛ በረኛ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁ። «ውድ አድማጮቻችን» ብዬ ጀመርኩ፤ የተቀረውን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ድረስ አልጨረስኩትም።

እትዬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እኔ ጎል ስል እሷ እልልታዋን ለቀቀችው። ጋሼ እጁን አንስቶ፣ «ዝም በይ። የገባብን እኛ ነን» አላት። ከተማው በሙሉ ሲጨፍር እውነቱን ያወቀ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን ዘጋው።

ወረድን። ቡድኑን ያወረድኩት እኔ አልነበርኩም፤ ለሰዉ ግን ያወረድኩት እኔ ነበርኩ። ገበያ ስገባ፣ «ዛሬስ ስንት አሸነፍን?» ይሉኛል። ኃላፊያችን «ለጊዜው አረፍ በል» ብሎ የውሃ ፈረቃ ማስታወቂያ እንዳነብ መደበኝ። ሌላ ነገር ማንበብ ስለማልችል በዚያው በኳስ ድምፄ አነበብኩት። «ረቡዕ ሳቢያን! ሐሙስ መጋላ!» ስል ሰዎች እየደወሉ፣ «ውሃው እውነት ነው ወይስ እንደዚያች ጎል ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ረቡዕ ዕለት ውሃው በእውነት ሳቢያን ቀርቶ ሌላ ሰፈር ሄደ። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም፤ ማን ያምነኛል?

ሳቁን ቻልኩት። ልቤ የተሰበረው በዚያች በተዘጋች ሬዲዮ ነበር። ሦስት ሳምንት እየፈራሁ ቆይቼ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ገና ቁጭ ሳልል ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ፀሐይ፣ አቧራ፣ መጋላ፣ ከዚራ ብዬ ዘበዘብኩ። አስጨረሰኝ።

«መሳሳትህ አይደለም» አለ። «ሰው ይሳሳታል። ስታዲየሙ ዝም ሲል አልሰማህም። ዓይን አለህ፤ ጆሮ የለህም። አንተ ከልጅነትህ መቆም አታውቅም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ» አልኩት። እንዴት ደፍሬ እንዳልኩት አላውቅም። «እኔ የማየውን እነግርሃለሁ፤ አንተ የምትሰማውን ትነግረኛለህ።»

ፍሪጁ ብቻ ይጮሃል። ከዚያ፣ «እዚያ ደረጃ ላይ ሰው እጄን ይዞ ሲያወጣኝ ያዩኛል» አለ። «እኔን እዚያ ያዩኝ ስሮጥ ነው።» እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። ስለ ኳስ አትንገሩኝ ያለው ኳስ ስለሰለቸው አልነበረም። ስለ ሙቀት አነሳሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ይቅር ተብዬ አይደለም፤ ሰው ጠፍቶ ነው። ኃላፊያችን አንድ ጨዋታ ራሱ ለማስተላለፍ ሞክሮ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ «ኳስ… ኳስ… አሁንም ኳስ» ሲል ውሎ ነበርና አድማጩ በልመና አስመለሰኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ማይኬን እየፈተሽኩ ሳለ በደረጃው ላይ የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። «አንድ ደረጃ ቀርቷል፣ በዚህ ያዝ» ትላለች። ጋሼ ኮቱን ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት፣ በሩ ላይ ቆመ። ላቡ በጆሮው ግንድ ይወርዳል።

«ማንም አላየኝም?» አለ።

«ሁሉም አይቶሃል፣ ጋሼ» አልኩት። ታች ያሉት ሽማግሌ ደጋፊዎች ተነስተው ነበር። አልጨበጨቡም፤ ዝም ብለው ቆመው ነበር። ይህንንም ነገርኩት። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

ቴክኒሻናችን የምሰሶውን ጀርባ ለእትዬ አካፈለቻት። ጋሼ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ግራ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። «ስጫንህ ዝም በል» አለኝ። ውላችን ይኸው ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ጎል ልል አፌን ስከፍት እጁ ተጫነኝ። አንዴ ኳሷ መረቡን በውጭ በኩል ነክታ ነበር፤ አንዴ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ወጥቶ ነበር። እሱ ሁለቱንም በጆሮው ቀድሞኝ አወቀ። «መጋላ በኩል ያሉት አልተነሱም» ይለኛል በሹክሹክታ፤ «ሲነሱ አግዳሚው ይንቋቋል።» በሃያ ዓመት አንድ ቀን አግዳሚው ሲንቋቋ ሰምቼ አላውቅም።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ሲቀያየሩ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ። «መረባችን መጋላ ነው። ድገመው።» እንደ ተማሪ ደገምኩ፤ ሳላውቅ ማይኩ ተከፍቶ ስለነበር ከተማውም አብሮኝ ደገመ።

እኩል ነበርን። ሊያልቅ ሲል አንድ ልጃችን በግራ መስመር ኳስ ይዞ መጣ። «ደቻቱን ተሻገረች» አልኩ። «በሳቢያን በኩል፣ መስመሩን ይዞ፣ ወደ ከዚራ። ተከላካዩ መጣበት።» ከዚያ ልጁ ኳሷን ረግጦ ቀጥ አለ። ተከላካዩም ቆመ።

ማስተላለፍ አቃተኝ። ያቺን አብዶ ካየሁ ሃያ አምስት ዓመት ይሆነኛል። የጋሼ እጅ ጉልበቴ ላይ ከበደ። ዝም በል እያለኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጁ ተከላካዩን ጥሎት ሄደ፤ ቀና ብሎ አየ፤ መታ። ኳሷ ከዚራ መረብ ውስጥ ገባች። በእርግጥ ገባች፤ በረኛው ከውስጥ ሲያወጣት አየኋት። ስታዲየሙ ፈነዳ። ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። ቴክኒሻናችን «ዋሪያ! ዋሪያ!» ትላለች። ከተማው በሙሉ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ደግኖ ይጠብቃል። እኔ፣ በሕይወቴ ዝም ብዬ የማላውቀው ሰው፣ እጁ እስኪነሳልኝ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

እጁ አልተነሳም። ዞሬ አየሁት። ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ እንባው ይወርዳል። እየተጫነኝ አልነበረም፤ ጉልበቴን ይዞኝ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ንገረኝ እንጂ።»

ደብተሩ ውስጥ የነበረው ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። ማይኩን ትቼ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ጎል ነው ጋሼ» አልኩት። «ከዚራ ላይ። ረግጦ ቆመ፤ እንደ አንተ ቆመና አሳለፈው።»

ማይኩ ክፍት ነበር። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ «ሳቢያን» ስል፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አላየኝም። ወደ መንገዱ እያየ፣ «ጋሼ ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።